ስለ ጭንቀትና ስለ ዓይነ ልቡና

የሰው ልጅ መከራ ሦስት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የደረሰበት፣ ሁለተኛው ያለፈበት፣ ሦስተኛው ይደርስብኛል ብሎ የሚያስበው ነው። የደረሰበትን መከራ ጎረቤትና ወዳጅ ይካፈሉታል፤ ለቀስተኛው ይመጣል፣ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል። ያለፈበትንም ጊዜ ጥቂት በጥቂት ያስረሳዋል። ሦስተኛውን ግን የሚካፈለው የለም፤ ገና ስላልመጣ ለቅሶ የሚደርስለት አይገኝም፣ ስላላለፈም አይረሳም። ሰው ሌሊት በአልጋው ላይ ሆኖ ብቻውን ይሸከመዋል። ይህን ሦስተኛውን መከራ ጭንቀት እንለዋለን። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁትም ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው የገዛ አሳቡን ሊያውቀውና ሊገዛው ይችላልን? ወይስ አሳቡ እንደ ነዳው ሲነዳ ይኖራል?

ይህን ጥያቄ በደመና ላይ ሆኜ ልጠይቀው አልወድም። ስለዚህ በሦስት የታወቁ ስፍራዎች ላይ አቆመዋለሁ፤ እነርሱም በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩ፣ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታ ናቸው። ሦስቱም አዲስ አበባን እንደ ቀለበት ከከበቧት ከተሞች ውስጥ ሲሆኑ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በማለዳ ብዙ ሕዝብ ከነዚህ ስፍራዎች ለሥራና ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ይጎርፋል፤ ማታም ይመለሳል። ትናንት እርሻና ግጦሽ የነበረው መሬት ዛሬ መንደርና ፋብሪካ ሆኗል። ኑሮ እንዲህ በፈጠነበት ስፍራ ሰው ሁሉ ስለ ነገ ይጠይቃል፤ ቤቴ በስሜ ይጸናልን? ኪራዩ ይጨመርብኛልን? ልጄ ፈተናውን ያልፋልን?

እንዲህ ለሚጠይቅ ሰው «አትጨነቅ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ቀላል የሆነውም ጭንቀቱ የሌላ ሰው ስለሆነ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ብዙ ቤቶች ሕጋዊ አይደሉም ተብለው ፈርሰዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም 3.2 ሆኑ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ቤቱ የሚሠጋውን አባወራ ወይም ስለ ፈተናው የሚሠጋውን ወጣት ፈሪ ብሎ መስደብ ግፍ ነው። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ የሚያሠጋ ነገር የለም ብዬ ላታልላችሁ አልመጣሁም። የምለው ሌላ ነው፤ ከአደጋው የሚያድነን ጭንቀቱ አይደለም እላለሁ።

አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብለው ተርተዋል። ልጥ ከዛፍ ተልጦ ለማሰሪያ የሚያገለግል ቅርፊት ነው፤ በጨለማ መሬት ላይ ተጥሎ ሲታይ እባብ ይመስላል። ተረቱ ትልቅ ምርመራ በውስጡ ይዟል። እባቡ እውነት ነበር፤ ስለ እባቡም መፍራት ተገቢ ነበር። ፍርሃት አንድ ጊዜ ይናገራል፣ የሚናገረውም «ዘወር በል» ብሎ ነው፤ ሰውየውም ዘወር ሲል ፍርሃቱ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። በልጡ የሚበረየው ግን ጭንቀት ነው። ጭንቀት ሺህ ጊዜ ይናገራል፣ ነገር ግን አድርግ ብሎ የሚያዘው አንድም ነገር የለውም። ሁለቱን የምንለይበት ምልክትም ይህ ነው፤ ፍርሃት እግርን ያንቀሳቅሳል፣ ጭንቀት እግርን ያስራል።

ደግሞ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚል ሌላ ተረት አለን። ይህን ተረት ጭንቀታም ሰው እንደ ምስክር ይጠራዋል። እኔ ግን ግማሽ እውነት ይመስለኛል። ከፈራነው አንዳንዱ ደርሶብናል፤ ያንን እናስታውሳለን። ፈርተነው ያልደረሰውን ግን አንቆጥረውም፤ ባለመድረሱ ተረስቷልና። ያለ መዝገብ የሚነግድ ነጋዴ ትርፉንና ኪሳራውን እንደማያውቅ፣ ሥጋቱን የማይመዘግብ ሰውም ስንቱ እንደ ዋሸው አያውቅም።

«እንግዲያውስ ስለ ነገ አናስብን?» የሚል ጠያቂ ይነሣ ይሆናል። ለዚህ መልሱን ወደ ቡራዩ ስንሄድ እናገኘዋለን። የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ለማጠራቀም ከተሠሩት ግድቦች ቀደምቱ ነው። ያን ግድብ ያሠሩ ሰዎች ስለ ነገ አላሰቡምን? አስበዋል እንጂ። የክረምቱ ዝናብ ሲዘንብ የበጋውን ጥም አሰቡ። ነገር ግን አሳባቸው ድንጋይና አፈር ሆኖ ቆመ፤ ቆሞም ውሃ ያዘ። በክረምት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ «በጋ ሲመጣ ምን እጠጣለሁ?» እያለ የሚያለቅስ ሰው ግን ዝናቡ በፊቱ እየፈሰሰ ያልፈዋል። አርቆ ማሰብና መጨነቅ የሚለያዩት በዚህ ነው። አርቆ ማሰብ ነገን ወደ ዛሬ አምጥቶ ሥራ ያደርገዋል፤ ጭንቀት ዛሬን ወደ ነገ ወስዶ ባዶ ያደርገዋል። ሙስሊም ወገኖቻችንም፣ ግመሉን ሳያስር በፈጣሪ እታመናለሁ ያለውን ሰው ነቢዩ አስቀድሞ እንዲያስረው ከዚያም እንዲታመን እንደ መከሩት ይተርካሉ። እምነት የሥራ ምትክ አይደለም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ዕረፍት ነው።

ሥራችንን ከሠራን በኋላም የማናውቀው ነገር ብዙ ይቀራል። ተማሪው አጥንቶ የፈተናውን ጥያቄ አያውቅም፤ አባወራውም ወረቀቱን አሟልቶ የሹሙን ውሳኔ አያውቅም። ባልታወቀ ነገር ውስጥ እንዴት ይኬዳል? በሰበታ መርሐ ዕውራን የተባለ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚነበበው ጽሕፈት ሉዊ ብሬል የተባለ ፈረንሳዊ የፈጠረው ነው። ብሬል በ3 ዓመቱ በአባቱ የቆዳ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓይኑን በመሣሪያ ተወግቶ ኋላ ፈጽሞ ታወረ፤ በ15 ዓመቱ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ6 ነጠብጣቦች ብቻ ፊደልን ሁሉ የሚያስነብብ ዘዴ አወጣ። በጣቱ የሚያነብ ሰው ገጹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያይም። ጣቱ የሚነካው ያንን አንዱን ፊደል ነው፤ ቀጥሎም የሚከተለውን። ሆኖም ቃሉ ይገለጥለታል፣ ዐረፍተ ነገሩም ይሞላል፣ መጽሐፉም ያልቃል። ጭንቀታም ሰው ግን የመጨረሻውን ገጽ ካላየሁ የመጀመሪያውን ፊደል አልነካም ይላል። ለእኔ እንደሚመስለኝ በኑሮ ፊት ሁላችንም በጣት አንባቢዎች ነን፤ ነገን በዓይኑ የሚያነብ ሰው የለምና።

መከራው በርግጥ ሲመጣስ? ብዙ ጊዜ የሚመጣው እኛ ባልጠበቅነው በር ነው። ሱሉልታ ደጋ ናት፤ አየሯም ስስ ስለሆነ ሯጮች ይለማመዱባታል፤ ታላቁ ሯጭ ቀነኒሳ በቀለም በዚያ የመሮጫ ሜዳ አሠርቷል። የዚህን ሰው የ1997 ዓ.ም. ታሪክ ላስታውሳችሁ። በታኅሣሥ ወር እጮኛው የነበረችው ወጣት ሯጭ አብረው ሲለማመዱ ድንገት ወድቃ ሞተች። በመጋቢት ወር ፈረንሳይ አገር በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር አጭሩንም ረጅሙንም ሩጫ አሸነፈ። በነሐሴ ወር በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ፤ ይህም ክብረ ወሰን እስከ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ 15 ዓመት ቆየ። በእነዚያ ወራት በልቡ ውስጥ ምን እንደ ነበረ እናገር ዘንድ አይገባኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ 10,000 ሜትር በሜዳው ዙሪያ 25 ጊዜ መዞር ነው፣ ሃያ አምስተኛውንም ዙር ሦስተኛው ላይ ሆኖ የሚሮጠው ሰው የለም። መከራ ሲመጣ የሚያስፈልገን ኃይል በዚያው ጊዜ ይሰጠናል እንጂ አስቀድሞ በመጨነቅ አይጠራቀምም። እንዲያውም ጭንቀት ያንን ኃይል አስቀድሞ የሚበላ ነቀዝ ነው።

እስካሁን የተናገርሁትን ማወቅ አይከብድም፤ የሚከብደው ማድረጉ ነው። አሳብ ሲመጣ «አሳብ መጣ» ብሎ አይመጣምና፤ እኛኑ መስሎ ይመጣል። «እወድቃለሁ» የሚለው ድምፅ በራሳችን ድምፅ ስለሚናገር የራሳችን ፍርድ ይመስለናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው አሳብን የሚያይ ዓይን ነው። ሊቃውንቶቻችን ይህን ዓይነ ልቡና ይሉታል። ኅሊና የሚለውንም ቃል ተመልከቱ፤ በግዕዝ አሳብ ማለት ሲሆን በአማርኛችን በአሳብ ላይ የሚፈርደው ዳኛ ሆኗል። ቃሉ ራሱ በሰው ውስጥ የሚያስብ ብቻ ሳይሆን የሚታሰበውን የሚመለከት እንዳለ ያስተምረናል። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት በየገዳሙ ሲተረጎሙ የኖሩት፣ መነኩሴ ከዓለም ቢሸሽ ከአሳቡ መሸሽ እንደማይችል አባቶች ስለሚያውቁ ነው። ከተማን ትቶ የሄደ ሰው ራሱን ይዞ ሄዷልና።

ስለ አባ እንጦንስ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። በግብፅ በረሃ ሳለ አሳቡ በዝቶበት ተጨነቀ፤ ምን ላድርግ ብሎም ለመነ። ወዲያው ራሱን የመሰለ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ከዚያም ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ተቀምጦ ሲታታ አየ፤ እርሱም መልአክ ነበር፣ እንዲህ አድርግና ትድናለህ አለው። በዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ መልአኩ ስለ ጭንቀቱ ምንም ትንታኔ አለመስጠቱ ነው። ራሱን ከውጭ ሆኖ እንዲያይ አደረገው፤ ከዚያም እጁን ወደ ሥራ፣ ልቡን ወደ ጸሎት መለሰለት። በሰበታም ሆነ በሌላው ስፍራ በገዳም የሚኖሩ ሰዎች ጸሎትን ከእጅ ሥራ ሳይለዩ የኖሩት በዚሁ ጥበብ ነው።

እንግዲህ አሳቡን ማየት የጀመረ ሰው ምን ያገኛል? እስኪ ስለ ፈተና የሚጨነቀውን ተማሪ ምሳሌ እናድርግና አሳቡን እንደ ጉድጓድ እንቆፍረው። «እወድቃለሁ» ይላል። ብትወድቅስ? «የጎረቤት ልጅ አልፎ እኔ እቀራለሁ»። ብትቀርስ? «ሰው ምን ይለኛል? አባቴስ ምን ይላል?» ቢሉስ? ከዚህ በኋላ ዝም ይልና በመጨረሻ ከጉድጓዱ ሥር ያለውን ያወጣዋል፤ «የማልረባ ሰው ነኝ ማለት ነው»። እነሆ፣ የጭንቀቱ ሥር ፈተናው አልነበረም። ከላይ ይሉኝታ ነበረ፤ ከይሉኝታውም በታች ስለ ራስ የተያዘ የሐሰት ፍርድ ነበረ። የፈተና ወረቀት ሰው በዚያን ቀን ያወቀውን ይለካል፤ የሰውን ዋጋ ግን የሚለካ ወረቀት እስከ ዛሬ አልታተመም። ይህን ያየ ተማሪ ፈተናው አይቀልለትም፤ ነገር ግን ፈተናውን ብቻ ይፈተናል፣ ነፍሱን ከወረቀቱ ጋር ለፈታኝ አያስረክብም።

ወጣቶች ሆይ፣ ጭንቀት ጤናን ይጎዳል ሲባል ሰምታችኋል። እኔ ግን ከዚህ የሚብስ ጉዳት እንዳለው አምናለሁ፤ ይኸውም ፍቅርን ያሳውራል። አንድ ወጣት ማታ በቤት ተቀምጦ «ተምሬ ሥራ ባላገኝ እናቴን እንዴት እረዳታለሁ?» እያለ ሲጨነቅ አስቡ። አሳቡ የተቀደሰ ይመስላል። በዚህ መካከል እናቱ ቀኑን ሁሉ በጉልት ስትሸጥ ውላ፣ ዘንቢሏን እንደ ተሸከመች ደክማ ትገባለች። ልጁ ስለ እርሷ እያሰበ ስለ ነበረ እርሷን አላያትም፤ ተነሥቶም ዘንቢሉን አልተቀበላትም። እናቱን ከአሥር ዓመት በኋላ ለመርዳት ይጨነቃል፤ ከትከሻዋ ላይ ያለው ሸክም ግን ክንዱን ቢዘረጋ የሚደርስበት ነው። ይህ ነው ጭንቀት የሚሰርቀን። ስለ ሰው ሁሉ የምናስብ አስመስሎ አንድንም ሰው እንዳናይ ያደርገናል። ስለዚህ ራስን ማወቅ ስል ቀኑን ሁሉ ወደ ራስ ማፍጠጥ ማለቴ አይደለም፤ እርሱ ሌላ ዓይነት ጭንቀት ነው። ዓይነ ልቡና የሚበራው ውስጡን አይቶ ወደ ውጭ እንዲመለከት ነው። አንድ ሰው አሳቡን በማወቅ መልካም መንገድ ላይ እንዳለ የሚታወቀው በዝምታው ርዝመት ሳይሆን ዘንቢሉን ፈጥኖ በመቀበሉ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆንብኛል። የጭንቀት መብዛት ሕመም የሚሆንበት ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም እንደ ነበረባቸው ገልጧል። እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቀ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ልብ ያለ ምክንያት ከመታ፣ መኖርም ከከበደ፣ ያ ሰው ምክር ብቻ አይበቃውም፤ ወደ ሐኪም ይሂድ። የተሰበረ እግር ያለውን ሰው በርትተህ ተራመድ አይሉትም። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል የቆመው ለዚህ ነው። ሰው አበደ ይሉኛል ብሎ ሕመሙን መደበቅም ከላይ የተናገርሁት ይሉኝታ ነው፤ እርሱም ከሕመሙ ይልቅ ብዙዎችን ጎድቷል። ወደ ጠበል የሚሄድም ሰው መድኃኒቱን አይጣል፤ ሁለቱን የሰጠ አንድ ነው።

ከመለየቴ በፊት በእጅ የሚያዝ ምክር ልስጣችሁ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የእጅ ስልካችሁን አርቁ፤ እርሱ የዓለምን ሁሉ ሥጋት ሰብስቦ ወደ አልጋችሁ ያመጣልና። ከዚያም በወረቀት ላይ የሚያስጨንቃችሁን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ብዙ ሥጋት ሲጻፍ ያጥራል፤ በጨለማ እባብ የመሰለው ልጥ በመብራት ልጥ ይሆናል። ከሥሩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፤ በዚህ ጉዳይ በእጄ ያለው ምንድን ነው? ከእርሱ ውስጥ ነገ ማለዳ የማደርገው የትኛው ነው? ይህን ሳስብ ያላየሁት ሰው ማን ነው? ለሦስቱም አጭር መልስ ጻፉና ወረቀቱን እጠፉት። የቀረውን ፈጣሪ እንደ እምነታችሁ ይቀበላችሁ።

ያም ባይበቃ ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ለንስሐ አባት፣ ለታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ ለታመነ ወዳጅ ንገሩ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል፤ በልብ የታመቀ ነገር በመጠጥ ቤት ከሚወጣ በወዳጅ ፊት ቢወጣ ይሻላል። በመጠጥ ወይም በጫት የተሸፈነ ሥጋት በማግሥቱ ወለዱን ጨምሮ ይመለሳልና።

በየወሩ መጨረሻ እነዚያን የታጠፉ ወረቀቶች ፈታችሁ አንብቡ። የትኛው ሥጋት እውነት እንደ ነገራችሁ፣ የትኛውም እንደ ዋሻችሁ በገዛ ጽሕፈታችሁ ታገኙታላችሁ። በሦስተኛው ጥያቄ ሥር ስማቸውን የጻፋችሁላቸውን ሰዎች ግን የወሩን መጨረሻ አትጠብቁላቸው፤ በማግሥቱ ማለዳ ደኅና አደራችሁ በሏቸው።